የቮልስ መብራት ሲደክም፦ የዛጉ ኮንታክቶችን እየለኩ ማጽዳት

የፊት መብራቱ ቢጫ ሆኖ ደክሟል። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ቀጥ ይላል። ሞተሪኖው ጠዋት በአንድ ጊዜ ያስነሳል፤ መኪናው ተነድቶ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ቮልስዋገን ቢትል ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት አዲስ ባትሪ፣ አዲስ ዲናሞ ወይም አዲስ ሞተሪኖ ነው። ሦስቱም ተቀይረው ችግሩ እዚያው ሲቆይ «አሮጌ መኪና ነው» ተብሎ ይተዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚባክነው ዕቃዎቹ ውስጥ ሳይሆን ወደ ዕቃዎቹ በሚያልፍባቸው መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ሃምሳና ስልሳ ዓመት ያገለገለ መኪና ላይ እያንዳንዱ የናስ ጫፍና እያንዳንዱ የማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ) ብሎን ከቮልቱ ጥቂት ጥቂት ያስቀራል።

እዚህ የተጻፈው ለቮልስ ነው። ፊያት 600 ወይም ፔጆ 404 ያለው ሰውም አሠራሩን እንዳለ ሊወስደው ይችላል፤ የሚለየው የዕቃዎቹ ቦታና የሽቦዎቹ ቀለም ነው።

ዝገቱ ምን እንደሚያደርግ

መዳብና ናስ አየር ሲነካቸው መጀመሪያ ይጠቁራሉ፤ እርጥበት ሲጨመርበት አረንጓዴ ያወጣሉ። ባትሪ ጫፍ ላይ የሚከመረው ነጭና ሰማያዊ ዱቄት ግን ሌላ ዓይነት ነው፦ ነጩ የእርሳስ ሰልፌት፣ ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ሲሆን ሁለቱም ከባትሪው በሚወጣው አሲድ የሚፈጠሩ ናቸው። ልዩነቱን ማወቅ ሥራውን ያቀላል። የባትሪው ዱቄት በሶዳ ይነሳል፤ የመዳቡ አረንጓዴ ግን በተቃራኒው ደካማ አሲድ ይፈልጋል።

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ ይገርማል። 45 ዋት የሆነ የፊት አምፖል በ6 ቮልት መኪና ላይ 7.5 አምፔር ይስባል። በመንገዱ ላይ የ0.1 ኦም መሰናክል ብቻ ቢኖር 0.75 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ይህ ከስድስቱ 12.5 በመቶ ነው። ያው 45 ዋት በ12 ቮልት መኪና ላይ የሚስበው 3.75 አምፔር ስለሆነ ያው 0.1 ኦም የሚወስድበት 0.375 ቮልት፣ ማለትም 3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቮልስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽና ማብቂያ ላይ ወደ 12 ቮልት ከመዞሩ በፊት የተሠራ መኪና ያላችሁ ከሆነ ያው ዝገት እናንተን የሚጎዳው በአራት እጥፍ ነው። የአምፖል ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ በላይ ይወድቃል፤ ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይጠፋል።

ከዚህ የሚብሰው ሙቀቱ ነው። የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ይሞቃል፤ ሲሞቅ የናሱ ስፕሪንግነት ይሞታል፤ ስፕሪንጉ ሲሞት መጋጠሚያው የባሰ ይላላል፤ የበለጠም ይሞቃል። የፊውዝ ሳጥን ፕላስቲክ ቀልጦ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሾርት ስለነበረ አይደለም። ፊውዙ ሳይቃጠል ሳጥኑ የሚቀልጠውም ለዚህ ነው፤ ያለፈው ከረንት ከልክ በላይ አልነበረምና።

የሚያስፈልገው

ዲጂታል ቴስተር፣ 10 እና 13 ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ቀጭን አፍ ያለው ፒንሳ፣ የናስ ብሩሽ፣ የቆየ የጥርስ ብሩሽ፣ 600 እና 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ የእርሳስ ላጲስ፣ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ክሊነር ስፕሬይ ወይም አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ነጭ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ ሊትር የተጣራ የባትሪ ውሃ፣ ቫዝሊን፣ ሲሊኮን ግራሶ፣ የጎማ ጓንትና መነጽር። ማንኛውንም ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀለሙና ቁጥሩ በግልጽ መታየቱን ሳታረጋግጡ አትቀጥሉ።

የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ አትጠቀሙ። እየተቆራረጠ የሚወድቀው ጭረት ፊውዝ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሁለት መስመር ያገናኛል፤ የቀረውም ራሱ ዝጎ ናሱን ያበላሸዋል። ቤንዚንም አይሆንም፤ ባትሪ አጠገብ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ደብሊውዲ-40 እርጥበት ለማስወጣትና የተጣበቀ ብሎን ለማላቀቅ ጥሩ ነው፤ ኮንታክትን ለረጅም ጊዜ የሚጠብቅ አድርጎ መቁጠር ግን ስህተት ነው።

መጀመሪያ መለካት

ብዙ ሰው ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ ሽቦውን ይለካና «ዜሮ ነው፣ ደህና ነው» ይላል። ይህ ያሳስታል። ቴስተሩ ኦም ሲለካ የሚያሳልፈው ከረንት እጅግ ጥቂት ነው፤ ሃያ ክር ካለው ሽቦ አንዷ ብቻ ሳትበጠስ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ ደህና ነው ይላችኋል። ያቺ አንድ ክር ግን 8 አምፔር አትሸከምም። ትክክለኛው ልኬት ዕቃው እየሠራ የሚደረግ የቮልት ልኬት ነው።

ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። የፊት መብራቱን አብሩ። ቀዩን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ አሳርፉ፤ በሞርሴቶው (ኬብሉን ከምሰሶው ጋር በሚይዘው መጨበጫ) ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ምሰሶ ላይ። ጥቁሩን ጫፍ አምፖሉ ሶኬት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ናስ ላይ አድርጉ። የባትሪውና የመብራቱ ርቀት ረጅም ስለሆነ ለአንዱ የቴስተር ጫፍ ማራዘሚያ ሽቦ ያስፈልጋል። ቴስተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር በመንገድ የቀረው ቮልት ነው። ከዚያ የማሳውን በኩል እንዲሁ ለኩ፦ አንዱ ጫፍ አምፖሉ ሶኬት ማሳ ላይ፣ ሌላው ባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ።

አንድ መጋጠሚያ ከ0.1 ቮልት በላይ ማስቀረት የለበትም። ጠቅላላው የማሳ መንገድ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ሥራ አለበት። የሞተሪኖው ወፍራም ኬብል ሞተሪኖው እየዞረ ሲለካ እስከ 0.5 ቮልት ይፈቀድለታል። ከዚህ ያለፈ ቁጥር ስታገኙ ጥቁሩን ጫፍ በመስመሩ ላይ ወደ ባትሪው እያቀረባችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩ በድንገት የሚወድቅበት ቦታ ላይ ሌባው አለ። ያገኛችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ ከጽዳቱ በኋላ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው።

ባትሪው

ቮልስ ላይ ባትሪው ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። መቀመጫውን ስታነሱ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ባትሪው ላይ መከላከያ ክዳን አለ ወይስ የለም? የመቀመጫው ስፕሪንግ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ዝቅ ብሎ ፖዘቲቩን ከነካ መቀመጫው ውስጥ ያለው ደረቅ ሙሌት በእሳት ይያያዛል። ቮልሶች ከተቃጠሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ክዳኑ ከጠፋ ወፍራም ጎማ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ ሁለቱንም ምሰሶ የሚሸፍን አድርጉና በደንብ እሠሩት። ከመጠኑ ከፍ ያለ ባትሪ ገዝቶ ማስገባትም ያው አደጋ አለው፤ ስትገዙ ቁመቱን ለኩ።

ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነቀለው ኔጌቲቩ ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን አካል ከነካ ሙሉ የባትሪው ኃይል በቁልፉ ላይ ያልፋል። ሲመለስ ደግሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። ባትሪው ሲሞላ ቆይቶ ከሆነ ሃይድሮጅን ሊኖር ስለሚችል በሮቹን ክፈቱና ጥቂት ጠብቁ፤ ሲጋራና ላይተር ይራቅ።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። የባትሪው ቆቦች በደንብ መዘጋታቸውን እዩ፤ ሶዳው ወደ ውስጥ ከገባ አሲዱን ያመክነዋል። ምሰሶዎቹንና ሞርሴቶዎቹን በጥርስ ብሩሽ ቀቡ። አረፋ ይነሳል፤ አረፋው እስኪያቆም ደጋግሙና በንጹህ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ከዚያ ምሰሶውንና የሞርሴቶውን ውስጥ በናስ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት የእርሳሱ ብርማ ቀለም እስኪታይ አሹ። የባትሪው ማስቀመጫ ላሜራ ላይ የፈሰሰ አሲድ ካለ እሱንም በሶዳው እጠቡ፤ የቮልስ ወለል መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሞርሴቶው ተጠብቆም በእጅ የሚዞር ከሆነ ጆሮዎቹ ሙሉ በሙሉ ገጥመው መጨበጥ አልቻለም ማለት ነው። ቁራጭ ቆርቆሮ ከመወሸቅ አዲስ ግዙ።

ማሳው

ከባትሪው ኔጌቲቭ የሚወጣው የተጎነጎነ ጠፍጣፋ መዳብ ወለሉ ላይ በብሎን ይታሠራል። ሁለተኛው ማሳ ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ነው፤ ከመኪናው ሥር ካምቢዮው የፊት ጫፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ካምቢዮውና ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ይህ ማሳ ሲበጠስ ወይም ሲዝግ የሞተሪኖው ከረንት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ አንዳንዴ የነዳጅ መስጫው ወይም የፍሪዚዮኑ ኬብል ውስጥ ያልፋል። ሞተር ስታስነሱ ከነዚህ ኬብሎች አንዱ ከሞቀ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ቀጥታ ወደዚህ ማሳ ሂዱ።

የተጎነጎነው መዳብ ክሮቹ አረንጓዴ ሆነው የሚሰባበሩ ከሆነ አይጸዳም፤ ይቀየራል። ደህና ከሆነ ሁለቱንም ጫፍ ፍቱ፤ ማሳው የሚያርፍበትን የአካሉን ላሜራ ከቀለምና ከዝገት አጽዱ፣ ስፋቱ የካፖኮርዳውን (የሽቦው ጫፍ ላይ የሚጨመቀውን ብረት) ያህል ብቻ ይሁን። ከላሜራው ጋር ጥርስ ያለው ሮንዴላ አድርጋችሁ አጥብቁ፤ ጥርሱ ብረቱን ነክሶ ስለሚይዝ በንዝረት አይላላም። ከተጠበቀ በኋላ በዙሪያው ቫዝሊን ቀቡት። ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ ብሎን ማጥበቅ ለዓይን ማሳ ይመስላል፣ ለከረንት ግን ግድግዳ ነው።

ሞተሪኖው ሲሞቅ እምቢ የሚለው ለምንድን ነው

ይህ የቮልስ ችግር በሰፊው የታወቀ ስለሆነ በደንብ ማየት ይገባዋል። ሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ (ሞተሪኖውን የሚያበራው በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ) የሚነሳው 50 የሚል መለያ ቁጥር ባላት ትንሽ ጫፍ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ይህ ኤሌክትሪክ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በመብራት ማብሪያው 30 ቁጥር በኩል ወደ ሞተር ማስነሻ ቁልፉ ይደርሳል፤ ከዚያ እንደገና የመኪናውን ርዝመት ሙሉ ተመልሶ ሶሌኖይዱን ያገኛል። በዚህ ሁሉ መንገድ ያሉት ጫፎች እያንዳንዳቸው 0.2 እና 0.3 ቮልት ቢያስቀሩ ሲደመር ሁለት ቮልት ይጠጋል። መዳብ ሲሞቅ ደግሞ የሚያሳየው መሰናክል ይጨምራል፤ ሶሌኖይዱም የሞተሩ ሙቀት የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ጠዋት የሚያነሳው ከሰዓት የሚያቅተው ለዚህ ነው።

ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ከመኪናው ሥር ገብታችሁ የሶሌኖይዱን ትልቅ ዳዶ በ13 ቁልፍ ፍቱ። ወፍራሙን የባትሪ ኬብልና አብረውት የታሠሩትን ቀይ ሽቦዎች አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ካፖኮርዳ ሁለት ፊት በ600 ብርጭቆ ወረቀት አንጹ፤ ዳዶውንና ሮንዴላውንም አትርሱ። የ50 ቁጥሯን ጠፍጣፋ ጫፍ አጽዱ። የሴቷ ጫፍ ላልታ ከሆነ በፒንሳ ጠርዟን በጥቂቱ ጫን አድርጉ፤ ስትገባ ጥረት መጠየቅ አለባት። ከዚያ ወደ ፊት ሄዳችሁ የመብራት ማብሪያውን 30 ቁጥርና የቁልፉን 30 እና 50 ቁጥር በተመሳሳይ መንገድ ሥሩ።

ሁሉም ጸድቶ፣ ሞተሪኖው እየዞረ በባትሪውና በ50 ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት አሁንም ከ1 ቮልት ካለፈ የቁልፉ ውስጥ ኮንታክት አልቋል ማለት ነው። ቁልፉን ቀይሩ፤ ወይም ሞተሪኖው አጠገብ 30 አምፔር ሬሌ (በትንሽ ከረንት ትልቅ ከረንት የሚያበራ ማብሪያ) አስገብታችሁ የድሮውን 50 ሽቦ ሬሌውን ብቻ እንዲያነሳ አድርጉት። ሬሌው ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ነገር ግን ከጽዳቱ በኋላ የሚመጣ ነው። ዝገቱን ሳያጸዱ ሬሌ ማስገባት ያው ዝገት ነገ መብራቱን እንዲያደክም መተው ነው።

የፊውዝ ሳጥኑ

ሰፊውን ጊዜ ለዚህ መድቡ። በአብዛኞቹ ቮልሶች ላይ ሳጥኑ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ መሪው አጠገብ ነው። ፊውዞቹ ሁለት ጫፋቸው ሾጣጣ የሆነ የድሮ ዓይነት ናቸው፦ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር። በሁለት የናስ ምላሶች መካከል በስፕሪንግ ኃይል ብቻ ይያዛሉ፤ ስለዚህ አንድ ፊውዝ ሁለት መጋጠሚያ ነው፣ አሥር ፊውዝ ያለው ሳጥን ደግሞ ሃያ መጋጠሚያ።

አንድ ፊውዝ አውጥታችሁ ጫፉን ብርሃን ላይ ያዙት። ናሱ ወይም መዳቡ ላይ ክብ ጥቁር ቀለበት ይታያል፤ ከምላሱ ቀዳዳ ጠርዝ ጋር የሚነካካው በዚያች ቀጭን ቀለበት ብቻ ነው። ቀለበቷ ከጠቆረች በመላው ጫፍ ላይ ብልጭ የሚለው ንጹህ ብረት ምንም አይረዳም። ለዚህ ነው ፊውዙን በጣት ማዞር ብቻ የሞተ ዋይፐር የሚያስነሳው፤ ቀለበቷ አዲስ ቦታ ታገኛለች፣ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይመለሳል።

የፊውዙ ቀጭን ላሜራ ከምን እንደተሠራ ተመልከቱ። አሉሚኒየም ከሆነ (ነጣ ያለና ቀላል) ጣሉት። አሉሚኒየም ናስ ላይ ሲያርፍ በእርጥበት ጊዜ ቶሎ ይበላል፤ የሚያወጣው ነጭ ሽፋንም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መዳብ ወይም ናስ ያላቸውን ፈልጉ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ አንዱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ፤ ሙሉውን ሳጥን የሚሞላ ከነመጠባበቂያው ውሰዱ። የተቃጠለ ፊውዝን በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ፊውዙ የቆመው ሽቦውን ለማዳን ነው፤ ወረቀቱ ሲጠቀለልበት ፊውዝ የሚሆነው ሽቦው ራሱ ነው፣ ሽቦው ደግሞ ታንከሩ ባለበት የፊት ኮፈን አጠገብ ያልፋል።

ባትሪው ተነቅሎ ፊውዞቹን በሙሉ አውጡ። ምላሶቹን በጥጥ በተጠቀለለ ጥርስ መፋቂያ እንጨትና በኮንታክት ክሊነር ጥረጉ። የጠቆረ ቀዳዳ ውስጥ 1000 ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አዙሩ። ናሱ ብርማ ሽፋን ካለው በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፤ በላጲስ አሹት፤ ሽፋኑ ከተነሳ ከሥሩ ያለው ናስ በወራት ውስጥ ይጠቁራል። ከዚያ እያንዳንዱን ምላስ በፒንሳ ወደ ውስጥ በጥቂቱ ግፉት፤ ፊውዙ ሲገባ «ጭብጥ» ብሎ መያዝ አለበት። በሙቀት ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የተለወጠ ምላስ ስፕሪንግነቱ ሞቷል፤ ብትገፉትም በሳምንቱ ይላላል። ያኔ የሚቀየረው ሳጥኑ ነው።

ሳጥኑን የያዙትን ብሎኖች ፈታ አድርጋችሁ ጀርባውንም እዩ። ጠፍጣፋዎቹ ጫፎች የሚሰኩት እዚያ ነው፤ ዓይን የማያየው አረንጓዴም የሚጠራቀመው እዚያ ነው። አንድ ጫፍ አውጥታችሁ አጽድታችሁ ሳትመልሱ ሌላውን አትንኩ። ቀይ ሽቦ 30 (ሁልጊዜ ከባትሪው)፣ ጥቁር 15 (ቁልፉ ሲከፈት)፣ ቡኒ 31 (ማሳ) ነው፤ መንገድ ላይ የገባ እንግዳ ቀለም ካያችሁ ቀድሞ የጠገነው ሰው ሥራ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ተከተሉት።

በአረንጓዴ የተሸፈኑ ልቅ ዕቃዎች

ከሽቦ የተለየ የናስ ዕቃ (የአምፖል መያዣ ምላስ፣ ሮንዴላ፣ ገና ያልተጨመቀ ካፖኮርዳ) በነጭ አቼቶ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። የሎሚ ጭማቂም ይሠራል። ጨው ጨምሩበት የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል፤ ቶሎ ያነጻል፣ ነገር ግን የሚቀረው ክሎራይድ አረንጓዴውን መልሶ ስለሚያመጣ አትጨምሩ። ብዙ ማቆየትም ጉዳት አለው፤ አሲዱ ከናሱ ውስጥ ዚንኩን አውጥቶ መዳቡን ብቻ ሲያስቀር ዕቃው ሮዝ መልክ ይይዛል፣ ይሳሳልም። ከአቼቶው ወደ ሶዳው ውሃ፣ ከሶዳው ወደ ተጣራው ውሃ፣ ከዚያ በአልኮል ጠርጋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ።

ሽቦ የተያያዘበትን ጫፍ ግን አቼቶ ውስጥ አትዝፈዝፉ። አሲዱ በክሮቹ መካከል እየተሳበ ልባሱ ሥር ይገባል፤ ከወራት በኋላ ሽቦው ከውስጥ ተበልቶ ይበጠሳል። በጥጥ ነክታችሁ ጫፉን ብቻ አሹ፣ ወዲያው በሶዳ ውሃ፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉ።

ጫፉን ቆርጣችሁ ልባሱን ስትገፉ ክሮቹ ጥቁር ከሆኑ አንድ ሳንቲ እየጨመራችሁ ቁረጡ፤ የሚያበራ መዳብ እስኪወጣ። ከአሥር ሳንቲ በኋላም ጥቁር ከሆነ ሽቦው ሙሉ ይቀየር። ጥቁር ክር ላይ የተጨመቀ አዲስ ካፖኮርዳ ከድሮው አይሻልም። ለፊት መብራት መስመር 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ስትገዙ አንዷን ክር በምላጭ ፋቁ፤ ከላይ ቀይ ሆና ከውስጥ ነጭ ከሆነች መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ናት፣ መልሱት። ካፖኮርዳውን በተገቢው መጭመቂያ ጨምቁ እንጂ በሊድ አትበይዱት፤ የተበየደው ሽቦ ደርቆ ሊዱ በሚያበቃበት ቦታ በንዝረት ይበጠሳል።

መብራቶች፣ ክላክስ፣ የፍሬን መብራት

የኋላ መብራቶች ላይ ዝገቱ የሚታወቀው በባሕርያቸው ነው። ፍሬን ስትረግጡ የማታ መብራቱ ከደበዘዘ፣ ወይም ፍሬቻ ስታበሩ ሌላ አምፖል አብሮ ከጭለጨለ ማሳው የለም፤ ከረንቱ በሌላው አምፖል ክር በኩል መውጫ እየፈለገ ነው። መብራቱ ማሳውን በፓራፋንጎው በኩል በሚያገኝባቸው ሞዴሎች ላይ በፓራፋንጎና በአካሉ መካከል ያለው ጎማ ወይም ፕላስቲክ ከረንት ስለማያሳልፍ ሥራው ሁሉ በዛጉት ብሎኖች ላይ ይወድቃል። ከመብራቱ መያዣ እስከ አካሉ አንድ ቡኒ ሽቦ መጨመር ለዘለቄታው ይገላግላል። የፍሬቻው ሬሌ የሚመታው በሚያልፈው ከረንት ልክ ስለሆነ፣ የአምፖሎቹ ማሳ ሳይጸዳ ሬሌውን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

የፊት አምፖል ሶኬት ላይ 56a ከሚባለው ረጅም መብራትና ከ56b አጭር መብራት ይልቅ 31 ቁጥሩን፣ ቡኒውን ቀድማችሁ አጽዱ፤ የሁለቱንም ከረንት የሚሸከመው እሱ ነው። የመብራቱ ጎማ ተሰንጥቆ ከሆነ ካልቀየራችሁት የክረምቱ ዝናብ ሥራችሁን ያፈርሰዋል።

ክላክሱ መሪው በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ብቻ የሚጮህ ከሆነ መሪው ሥር ወዳለው ክብ የጎማ መጋጠሚያ ሂዱ። የክላክሱ ቁልፍ የሚሠራው ማሳ በመስጠት ነው፤ ጎማው ማሳውን ስለሚቆርጥ አንዲት አጭር ሽቦ በላዩ ተሻግራ ታገናኘዋለች። የዚያች ሽቦ ሁለት ጫፍ ሲጸዳ ክላክሱ ይመለሳል።

የፍሬን መብራት ማብሪያው ፍሬን ማስተር ላይ ስለሆነ ጭቃ ይደርስበታል። ጫፎቹን አጽዱ፤ ፍሬን ዘይት ጫፎቹ ላይ ካያችሁ ግን ማብሪያው ራሱ ከውስጥ እያፈሰሰ ነውና ይቀየር፣ ፍሬኑም አየር እንዲወጣለት ይደረግ።

ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያለው ፑንቲና (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ ከረንቱን እየከፈተ የሚዘጋው ኮንታክት) የተለየ ጠባይ አለው። ብርጭቆ ወረቀት አይነካውም፤ የሚቀረው ፍርፋሪ ኮንታክቱን ያቃጥላል። በቀጭን ጠፍጣፋ ሞረድ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አስኬዱና ንጹህ ወረቀት በመካከሉ ሳቡ፤ ክፍተቱን 0.40 ሚሊ ሜትር አድርጉ። አንዱ ፊት ጉድጓድ ሌላው ጉብታ ካወጣ ፑንቲናውንና ኮንዴንሰሩን አብራችሁ ቀይሩ። ሲሊኮን ግራሶ ወደዚህ አይቅረብ፤ ብልጭታ ሲያገኘው ከረንት የማያሳልፍ አሸዋማ ሽፋን ይሆናል። በሬሌና በማብሪያ ውስጥ ላሉ ኮንታክቶችም ያው ነው።

መቀባትና እንደገና መለካት

ንጹህ ናስ ሳይሸፈን ከቀረ ወዲያው እንደገና መጥቆር ይጀምራል። ባትሪ ምሰሶና የማሳ ብሎን ላይ፣ ከተጠበቀ በኋላ፣ ቫዝሊን ከውጭ ይቀባ። ሞተሩ አጠገብ ቫዝሊን ቀልጦ ስለሚፈስ እዚያ ሲሊኮን ግራሶ ተጠቀሙ። ጠፍጣፋ ጫፎች ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ ብትሰኩ ግራሶው ብረት ከብረት ከሚነካበት ቦታ ተገፍቶ ይወጣል፣ ዙሪያውን ግን ከእርጥበት ይዘጋል። ግራሶ ራሱ ከረንት አያስተላልፍም፤ በዛ አድርጎ መሙላት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም።

ባትሪውን መልሱ፣ ኔጌቲቩን መጨረሻ ላይ። በወረቀት የጻፋችኋቸውን ልኬቶች በሙሉ፣ መብራቱ በርቶ፣ ደግማችሁ ውሰዱ። ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ በ12 ቮልት መኪና ላይ ባትሪው ምሰሶ ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማየት አለባችሁ፤ ኮንታክቶቹ ሁሉ ጸድተው ከዚያ በታች ከሆነ አሁን ዲናሞውንና ሬጉሌተሩን መጠርጠር ትችላላችሁ። ወረቀቱን ከመኪናው ጋር አስቀምጡና መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ የማሳዎቹን ሁለት ልኬትና የፊውዝ ሳጥኑን 30 ቁጥር ድገሙ። ከ0.1 ቮልት በላይ የጨመረው መስመር ብቻ ይፈታል፤ የቀረውን አትንኩት።